የጉንዳን ነው ያልኩት ዱቄት

ክፓንዶ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1987

ለምወድሽ ልጄ ለኤንዮናም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሎሜ ያለችው አክስትሽስ ደኅና ናት? እኛ ጤና ነን። እናትሽ ግን የአክፕሌ ገንፎዬን አቅርባልኝ ሳታናግረኝ ትወጣለች፤ እውነት አላት። የምጽፍልሽ በእጄ ስለሠራሁልሽ የሰርግ አልጋ ነው።

ያን ቀን አማትሽ አልጋው ተበላ ብላ ብታስጠራኝ ወደ ቤታችሁ መጣሁ። ከአልጋው ሥር ነጭ ዱቄት ተበትኗል፤ ጉንዳኖችም በግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል። «ነፍሳት የማይደፍሩት ኦዱም እንጨት ነው ብለውን አልነበር? ኦዱም ይበላል እንዴ?» አለችኝ በጎረቤቶቿ ፊት። እኔም፣ «እንጨቴ ምን ወጣለት! ልጄ ናት ዝርክርኳ። አልጋ ላይ እየበላች ጉንዳን ጠራች፤ ዱቄቱም የጉንዳን ነው» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። አንቺ፣ «አባዬ፣ እኔ አልጋ ላይ በልቼ አላውቅም» ስትዪ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ወዲያ «እሜቴ ጉንዳን» እያሉ ዓመት ሙሉ ሲዘባበቱብሽ፣ ባልሽ ሴሎርምም ሰምቶ ዝም ሲል፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ድንበር ተሻግረሽ ሎሜ ገባሽ።

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አናጢ ሆኜ ኖሬያለሁ። ጉንዳን እንጨት አይበላም። ለጎጆው ብሎ ቢቦረቡር እንኳ የሚጥለው ሻካራ ሰጋቱራ ነው፤ የነፍሳት እግርና ክንፍ የተቀላቀለበት። ጥንዚዛ ግን እንቁላሏን እንጨቱ ላይ ጥላ ትሄዳለች፤ ትሏ ውስጥ ለውስጥ በልታ የምታወጣው እንደ ካሳቫ ዱቄት የላመ ነው። ያን ቀን ገና ከመናገሬ በፊት ጎንበስ ብዬ ዱቄቱን በጣቶቼ አሽቼው ነበር። የላመ ነበር። አውቄ ነው የዋሸሁት። አግዳሚዎቹ ኦዱም ናቸው፤ እግሮቹ ግን ጥንዚዛ የሚወደው ለስላሳ እንጨት፣ ዋዋ፣ ናቸው። ኦዱሙ አልቆብኝ፣ ሰርጉ ደርሶብኝ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ደበቅሁት።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማትሽ ቤት ሄጄ እነዚያኑ ጎረቤቶች አስጠራሁ። የአልጋውን እግር በመሮ ሰነጠቅሁት፤ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። «ልጄ አላጠፋችም። ዋሾው እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አማትሽ፣ «እኛስ ባዕድ ነን። እርስዎ አባቷ ነዎት» አለችኝ።

ሴሎርም ሎሜ ድረስ ልምጣ ይላል። «እኔን አማላጅ አታድርገኝ፤ ስለ ዝምታህ ራስህ ይቅርታ ጠይቃት» አልኩት። በሩን መክፈትም መዝጋትም ያንቺ ነው። ለእኔ ብለሽ አንዳች እንዳታደርጊ።

እግዚአብሔር እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ፤ በሰው ፊት ቀና ብለሽ የምትሄጂበትን ዘመን ያምጣልሽ።

አባትሽ ብዬ ለመፈረም ያፈርኩት፣
አናጢው አግቤኮ