ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ለውዷ ባለቤቴ፤

እንዴት ነሽልኝ? የእህትሽስ እግር? ሁለት ሳምንት ብለሽ ሄደሽ አራተኛ ወርሽን ያዝሽ። ይሄ እግር ምን ዓይነት እግር ነው? የተቆረጠ ዛፍ እንኳ በአራት ወሩ ያቆጠቁጣል። በይ ተይው፣ አልነዘንዝሽም። ስልክ ስደውል "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ታነቢልኛለሽ ብዬ ነው መጻፌ።

እኔ ደህና ነኝ። የተባይ መድኃኒት መርጫውን ሳዝል ወገቤን ይዞኝ ያድራል፣ ካልሲዎቼ ሁሉ ጥንዳቸው ጠፍቷል፣ ከዚያ ውጪ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ማር ምላሱ ነው። አዎ፣ ስለዚያ ስለ ንብ አርቢው። አትቆጪ፣ ጨርሰሽ አንብቢው።

ደንቡን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ በቃልሽ የምታውቂው። በግል ግቢም ሆነ በመናፈሻ ፀረ-ተባይ የሚረጭ ሰው፣ ከሁለት ቀን በፊት ለአዋሳኝ ቤቶች ሁሉ የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። ስምንት ዓመት ሙሉ እኔ ረጨሁ፣ አንቺ ጽፈሽ አደልሽ። ለሌላው ሰው ወረቀቱን በበር ሥር ሸጎጥ አድርገሽ ታልፊያለሽ። እሱ ቤት ስትደርሺ ግን ሩብ ሰዓት! መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ገጽ የማይሞላ ማስታወቂያ ሩብ ሰዓት ምን ያስወራል? አንቺ ጠጋ ብለሽ ስትናገሪ፣ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ሲሰማ፣ አንዳንዴም ሲስቅ! ስድሳ አልፎታል ብዬ ራሴን ባጽናናም ትከሻውን ሳየው መጽናናቴ ይጠፋል።

ስትመለሺ "ምን ስታደርጊ ቆየሽ?" እልሻለሁ። "ማስታወቂያ ሳደርስ።" በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ደሜ ይፈላል፣ እራት አይበላልኝም፣ አንቺም ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ። "እንግዲያው ከእሱ ጋር ኑሪያ!" ያልኩሽ ዕለት ነው ሻንጣሽን ያወረድሽው። የእህትሽ እግር እኮ ከተሰበረ ሳምንት አልፎት ነበር፤ ልሂድ ያልሽው ግን ያን ዕለት ነው። ሞኝ አይደለሁም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የምጽፈውም የማድለውም እኔው ነኝ። ባለፈው ወር መጨረሻ ጡረተኛዋ አዋላጅ የብርቱካን ዛፋቸውን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወሮባቸው ጠሩኝ። አጥራቸው ከእሱ ቀፎዎች ጋር እንደሚዋሰን ታውቂያለሽ። ለሐሙስ ማለዳ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

ወጣ። ወረቀቱን ገና ሳልዘረጋ ምን አለኝ መሰለሽ? "እሷስ? ምነው ጠፋች? ደህና ናት?" አለኝ። እኔን "እንዴት አደርክ" እንኳ ሳይለኝ! "ደህና ናት" ብዬ ወረቀቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ገለጥ አደረገው፣ አጠፈው፣ መልሶ ገለጠው።

"መቼ ነው የምትረጨው?" አለኝ።

"ተጽፏል።"

"እሱማ ተጽፏል፤ እንዲያው በአፍህ ብትነግረኝ ብዬ ነው። መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ።"

"ደንቡ በጽሑፍ ነው የሚለው" አልኩት። "መነጽርዎን ይፈልጉ!" ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ለእሷ ሩብ ሰዓት፣ ለእኔ ግማሽ ደቂቃም አይገባህም እያልኩ፣ እያፏጨሁ ነው መኪናዬ ውስጥ የገባሁት።

ሐሙስ በማለዳ ረጨሁ። ቀፎዎቹ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መዘጋት ነበረባቸው፤ አልተዘጉም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ ወጥተው ብርቱካኑ አበባ ላይ ሰፈሩ። ወደ ማታ አዋላጇ እየጮኹ ደወሉልኝ። ስደርስ ቀፎዎቹ ፊት መሬቱ ጠቁሯል፤ ገና ያልሞቱት በጀርባቸው እየተሽከረከሩ ነበር። እሱ መሀላቸው ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላየኝ።

ዓርብ የማዘጋጃ ቤቷ ተቆጣጣሪ ማህደሯን ይዛ መጣች። ፈቃዴን እንደምትቀማኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ማስታወቂያው ከሁለት ቀን በፊት ደርሶዎታል?" አለችው።

"ደርሶኛል። በእጄ ነው የተቀበልኩት። ሰውየው የድርሻውን አድርጓል፤ ስንፍናው የኔ ነው።"

"እንግዲያውስ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

እስክሪብቶውን አልተቀበላትም። አውራ ጣቱን ዘረጋላት። ልጅቷ ግራ እየገባት ጣቱን በእስክሪብቶዋ ቀለም ቀባችው፤ ቅጹ ላይ ተጫነው። ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተቆጣጣሪዋ ወደኔ ዞራ "በደንቡ መሠረት ጥፋት የለብዎትም" ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውን "እሱ" ማለት አፌ እምቢ ብሎኛል። "ማንበብ እንደማይችሉ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ለሚስትህም አልነገርኳትም" አሉኝ። "መጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ገልብጬ ይዤው አየችኝ። መነጽሬን ረሳሁ ስላት 'እኔ ዓይኔ ደህና ነው፣ ላንብብልዎት' አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን መነጽሬን እንዳመጣ ጠይቃኝ አታውቅም። ቀኑን በቃሌ እስክይዝ ሦስት አራት ጊዜ ትደግምልኛለች። ስሳሳት ስቄ አልፈዋለሁ፣ እሷም ትስቅልኛለች።"

አንቺ ሴት! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ከስንት ንዝንዝ ትገላገይ ነበር! ይሄን እያልኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ጫማዬን ሳወልቅ ግን ራሴን ጠየቅኩት፤ ብትነግሪኝስ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? በማግስቱ "ማር ምላሱ እኮ ፊደል አይለይም" እያልኩ ሰፈሩን በሳቅ እሞላው ነበር። ታውቂኛለሽ። ለዚህ ነው ያልነገርሽኝ።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ለኃላፊው ሁሉንም ተናገርኩ። ሰውየው ቀኑን በአፌ እንድነግራቸው እንደለመኑኝ፣ እኔም በቅናት እምቢ እንዳልኳቸው። ኃላፊው መዝገቡን አገላብጦ "አንቀጹ በጽሑፍ ይላል፣ በጽሑፍ ሰጥተሃል። አልተናገረም ተብሎ የሚቀጣ ሰው የለም። ሂድ ሥራህን ሥራ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እበር ነበር። ያን ዕለት ግን የሚቀጣኝ ሰው ባገኝ ምን ነበረበት እያልኩ በእግሬ ነው የተመለስኩት።

ከሰባቱ ቀፎ የተረፉት ሁለት ናቸው። እሑድ ሄጄ የሞቱትን ስጠርግ፣ ባዶዎቹን ሳጥብ ዋልኩ። ይቅርታ ስላቸው "ንቦቹን ጠይቃቸው" አሉኝ። የማጠቢያውን ውሃ ግን ራሳቸው እየቀዱ ያቀብሉኝ ነበር።

አሁንስ ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ብትዪኝ፣ አለቀቀኝም። እንዲያውም ብሷል። ለባዕድ ሰው ክብር ብለሽ የኔን ክፉ አፍ ስምንት ዓመት ቻልሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለኔ አድርገሽልኝ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ አሰብኩ። ሳስበው ደግሞ ማንም ፊት አንድም ቀን አላሳጣሽኝም። ጎረቤቱ ሁሉ "ባሏ ጨዋ ነው" የሚለኝ በማን አፍ ሆነና?

ነይ ብዬ አልጫንሽም፤ የእህትሽ እግር እስኪጠና ቆዪ። እግሩ ጠንቶ ከሆነም፣ የኔን ነገር አስበሽ እስኪበቃሽ ቆዪ። እህትሽን ፈጣሪ ፈጽሞ ይማርልኝ፤ አንቺንም ካለሽበት ጤናና እንቅልፍ ይስጥልኝ፤ እኔ የነሳሁሽን እንቅልፍ።

ብትመለሺ "የት ቆየሽ?" ብዬ አልጠይቅሽም ብል ውሸቴን ነው፤ እጠይቅሻለሁ። አመል ነው። የምትመልሺልኝን ግን አምናለሁ። ዝም ብትዪኝም አምናለሁ።

ቀናተኛው ባልሽ