የዩኤስቢ ቀዳዳዎቻችንን በሙጫ ለደፈኑልን ክቡር ኃላፊ

ለተቋማችን የኮምፒውተር ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ በርም ከቁልፉ ጋር ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በዚሁ ማሠልጠኛ ተቋም ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ወይም እርስዎ እስኪሾሙ ድረስ አስተምር ነበር። በግል የጻፍኩልዎትን ማመልከቻዎች ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሏቸው፣ ይህን ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

1ኛ. ለተማሪዎቻችን የመጡት ማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች መዳፍ የማይሞሉ ትናንሽ ነገሮች ቢሆኑም መብራት ያበራሉ፣ ሞተር ያዞራሉ፣ የተጻፈላቸውን ትእዛዝ ሁሉ ይፈጽማሉ፤ ትእዛዙ የሚደርሳቸው ግን ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ገመድ ነው። እርስዎም ቫይረስ እንዳይገባብን በማሰብ የቤተ ሙከራውን ኮምፒውተሮች ቀዳዳ አንድም ሳያስቀሩ በሙጫ አስደፈኑ። ተማሪዎቹ «ጋሼ ሙጫ» ብለው የሚጠሩት የቤተ ሙከራ ጠባቂያችን በትጋቱ ብዛት ማውዞቹንም ነቅሎ ቀዳዳቸውን ስለደፈነ፣ የኋለኛው ረድፍ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ማውዝ በእጃቸው ይዘው ስክሪኑን በትዝብት ይመለከታሉ። ቫይረሱ አልገባም፤ ትምህርቱም እንዲሁ።

2ኛ. ቦርዶቹ የሚታዘዙበት ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ፣ ውስጡም ለማንም ክፍት መሆኑን ጠቅሼ እንዲጫንልን ብለምን፣ የባለቤቱ ማኅተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ እንዳቀርብ አዘዙኝ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው ሠርተው ለዓለም የለቀቁት ስለሆነ አንድ ባለቤት የለውም ብዬ ባስረዳ፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ ወደ ግቢያችን አይገባም አሉ፤ ቢያንስ አንዱ ተወክሎ በአካል ይቅረብ የሚል ሐሳብም ጨመሩልኝ። እስካሁን የመጣ ስለሌለ ልጆቹ ፕሮግራም የሚጽፉት በጠመኔ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ደግሞ ስህተት ቢጻፍበትም አይናገርም፤ ሁሉም ያለፈ ይመስለዋል።

3ኛ. ምሳሌ ኮዶችና መመሪያዎች የሚገኙባቸውን ድረ ገጾች፣ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁባቸው ብቻ፣ «ወሬ» በሚል ምድብ ስለዘጉልንም ምስጋናዬ ይድረስዎ። የእግር ኳሱ ገጽ ክፍት መሆኑን ስላየሁ ተቋሙ ለዕውቀት ጨርሶ በሩን አልዘጋም ብዬ ተጽናንቻለሁ።

4ኛው ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። በእነሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ደስ ባለው ሰዓት ስለሆነ፣ እናትየው የስፌት መኪናዋን ትታ ቧንቧው ሥር ስትጠብቅ የሰው ልብስ ሳይደርስ እየቀረ ከደንበኞቿ ጋር ትጣላለች። ልጅቷም ቧንቧው ውስጥ ውሃ ሲደርስ አውቃ የምትጮህ መሣሪያ ለመሥራት ቆርጣ ተነሣች። እኛ ዘንድ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ስላገኘችው፣ ሞባይል የሚጠግነው አጎቷ ሱቅ ገብታ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ አሮጌ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩን ጭና ሠራችው። ሠራላትም።

እርስዎ ግን በመመረቂያ ፈተናው ላይ ሰብሳቢ ሆነው፣ በተቋሙ ኮምፒውተር ያልተሠራ ሥራ እንደ ሥራ አይቆጠርም ብለው ዜሮ ሰጧት። ይህ ውጤት ካልተስተካከለ አትመረቅም፤ ልትቀጠርበት የታሰበው ፋብሪካም ያለ ማስረጃ አይወስዳትም። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቢሮዬ መጥታ፣ ልጄ አጥፍታ ከሆነ ኃላፊውን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅላት ወይ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ከዳኝ፤ በጣም ተናደድኩ። ምን አጥፍታ ነው ይቅርታ የሚጠየቅላት? የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዜሮው ይነሣላት። ደንብ ደንብ ነው ካሉም፣ ከአንዱ ቀዳዳ ሙጫውን ያስፍቁና እዚያው ፊትዎ ደግማ ትሥራው።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ በተለይም ለጥበቃዎ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ከደረቀ ሙጫ ይልቅ ለስለስ ያለ መልስ በተስፋ እጠብቃለሁ።

ታዛዥዎ፣
በጠመኔ ፕሮግራም የሚያስተምረው መምህር

ከፊርማ በኋላ፦ ክብርት ባለቤትዎ ቀሚስ ሊያሰፉ ልብስ ሰፊዋ ቤት በሄዱ ጊዜ መሣሪያዋ ስትጮህ ሰምተው፣ ለእኔም ትሠራልኝ ብለው አዘው ነበር። ልጅቷም ሠርታ ወጥ ቤታችሁ ቧንቧ ላይ ገጥማላቸዋለች። እርስዎ «ከውጭ የመጣች ዕቃ» እያሉ በመምህራን ማረፊያ ሲያሞግሷት የሰማነው ያቺን ነው፤ ዛሬ ጠዋት ፊትዎን የታጠቡትም ዜሮ ባገኘች ሥራ በተቀዳ ውሃ ነው።