ማስተር ከሱቅ አይወጣም

ደባርቅ፣ መጋቢት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ስምህ ወጣ! «ግጥም፣ ዜማና ክራር፦ የሺዋስ ሙሌ» ይላል፤ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ ሽፋኑ ላይም ሲዲው ላይም። ድምፁም ያንተው ድምፅ ነው! አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ይህን ስጽፍልህ አምስተኛው እየዞረ ነው።

ሰላምታውን ዘለልኩት አይደል? ውድ ባለቤቴ የሺዋስ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? ወንድምህ አለምነህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምታየው አፌም እጄም ደህና ነው። ስልኬን ስለማታነሳ በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት እንኳን ጆሮዬ ላይ አትዘጋብኝም።

ያ የመጀመሪያው ሲዲ የመጣ ዕለት አብረን ቁጭ ብለን ነበር የሰማነው። ላሳዝንህ ብዬ አይደለም የማነሳው፤ ተናድጄ ስላልጨረስኩ ነው። በ86 ዓ.ም. ጠይብ ካሴት ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ አንተ በክራር እኔ በተቀባይነት የቀዳነው ካሴት አዲስ አበባ ሄዶ እንዲያ ሆኖ ይመለስ? ድምፅህ ቀጥኖ የአሥር ዓመት ልጅ አክሏል። ክራርህ ላይ ኪቦርድ ጭነውበታል። እኔን አውጥተው የማላውቃትን ልጅ አስገብተዋል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል የአዲ አርቃይ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ፣ አንተ «ይለፍ!» ብለህ ስቀህ የቀጠልክበትን፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጠብቆ አብሮህ የሚለውን ቦታ፣ ቆርጠው ጥለውታል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ! ጭላዳን አልጠላም፤ ፈረንጁ እሱን ብሎ አይደል ተራራው ላይ ጨነቅ ድረስ የሚወጣው። ግን ክራር አይመታም። ከሁሉ የባሰው «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚለው ነበር።

አንተም «ካሴቱን ስጠው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ስሜን አስበላሽኝ» አልከኝ። ክራርህን ከሚስማሩ ላይ ሳታወርድ ወጣህ። ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር።

አልቅሼ መቀመጥ እችል ነበር። አልተቀመጥኩም። መስቀል እንዳለፈ፣ እቤት የቀረችውን አንዲት ካሴትና ትንሿን ቴፕ በዘንቢል ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ያሳተመው ድርጅት ኃላፊ አቶ ሀብተ ሚካኤል ይባላል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ነው።

«እናቴ፣ የድሮ ዘፈን እኮ የሕዝብ ነው» አለኝ።

«እናትህ አይደለሁም፣ እኩያህ ነኝ። ሕዝብ የምትለው ሰው ደግሞ ጅማ፣ ወንድሙ ቤት ነው ያለው። ስልኩን ልስጥህ? የእኔን አያነሳም፣ ያንተን ካነሳ።»

ደነገጠ። «በሕይወት አለ እንዴ?»

ይታይህ! ገድለውህ ነበር። «ድምፁስ?» ስለው «የላካችሁልን ካሴት እንደዚያ ነው» ብሎ በሩን አሳየኝ። በሩንማ አየሁት፤ እዚያው በሩ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቴፔን ከፈትኩ። ሦስት ቀን። የሚገባው ሁሉ አንተን ሳይሰማ አያልፍም። ጥበቃው መጀመሪያ ቀን ሊያስወጣኝ መጣ፣ በሁለተኛው «ያቺን አራተኛዋን ድገሚልኝ» አለኝ። በሦስተኛው ምሥራቅ የምትባል የድምፅ ባለሙያቸው ከክፍሏ ወጥታ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፋ ሰማችና «ይሄ ነው ያ ዘፈን?» አለች። እጄን ይዛ ኃላፊው ዘንድ አስገባችኝ። እኔ የያዝኳት ካሴት ግን በጨዋታ ብዛት አልቃለች፣ ለሥራ አትሆንም፤ መጀመሪያ የተቀዳው፣ ማስተር የሚሉት፣ ከተገኘ እንደገና ይታተማል ተባለ።

የመጀመሪያው የት እንዳለ ታውቃለህ። ስመለስ ቀጥታ ጠይብ ጋ።

«ጠይብ፣ ማስተሩን ስጠኝ፣ አዲስ አበባ ልላከው።»

«ገበያነሽ፣ ሞቻለሁ እንዴ? ማስተር ከሱቅ አይወጣም። ለልጄ ለሩመይሳ ሠርግ እንኳ አላወጣሁም፣ ቅጂ ነው የሰጠኋት።»

«ሱቁ እኮ ካሴት መሸጥ ካቆመ ስምንት ዓመቱ ነው! አሁን የምትሸጠው የሞባይል ካርድና ሳሙና ነው።»

«እንግዲያው ሳሙና ውሰጂ።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። በመጨረሻ ለምሥራቅ ደወልኩና «ካሴቱ ካልመጣ አንቺ ነይ» አልኳት። መጣች! መሣሪያዋን በሻንጣ ይዛ፣ ጠይብ ጓዳ ውስጥ ሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ሁለት ቀን ሠራች። ጠይብ ምሳውን እንኳ እዚያው ነው የበላው፤ ከካሴቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

አሁን የምነግርህን ቀስ ብለህ አንብበው።

ምሥራቅ ማስተሩን ከድርጅቱ ካሴት ጋር ስታስተያይ «ይሄኛውን ስትቀዱ መብራት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጠይብ እኔን አየ፣ እኔ መሬት አየሁ። አልነበረም። የድርጅቱ መልእክተኛ ካሴቱን ሊወስድ የመጣ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠይብ እንደ ልማዱ ማስተሩን አልሰጥም፣ ቅጂ እሰጣለሁ ብሎ ሁለት ቴፕ በገመድ አገናኘ። የነበረውን አዲስ የባትሪ ድንጋይ ማስተሩ ለሚዞርበት ቴፕ ሰጠው፤ የሚቀዳው ቴፕ ባዶውን ቀረ። ሰውየው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው እያለ ይነጫነጫል። እኔ ሮጬ ከቤታችን ራዲዮ ውስጥ ድንጋዮቹን አውጥቼ አመጣሁ። አዎ፣ «ደክመዋል፣ ቀይሪያቸው» ያልከኝን። ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ስለነበር ነፍስ የዘሩ መስሎኝ። ለካ ድንጋይ ሲደክም የሚቀዳው ቴፕ ይንቀራፈፋል፤ እሱ የቀዳውን ደህና ቴፕ ላይ ሲያዞሩት ደግሞ ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

እንግዲህ ድምፅህን ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ አሁን አወቅሁ፣ ሳልደብቅም ነገርኩህ፣ ይቅርታህንም እጠይቃለሁ። ስምህን የበላሁት ግን እኔ አይደለሁም። ኪቦርዱንም እኔ አልጫንኩም፣ ዝንጀሮውንም እኔ አልለጠፍኩም። የራሴን እሸከማለሁ፤ የሌላ ሰው ሸክም አንተም ብትሆን አታሸክመኝም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ነበር የምፈልገው፣ አልሆነም።

ትናንት ካርቶኑ በሚኒባስ ደረሰ። ክራሩ ብቻውን ነው፣ እያንዳንዱ አውታር ይሰማል። የመኪናው ጥሩምባ ተመልሷል፤ «ይለፍ!» ስትል ጠይብ ከመደርደሪያው ጀርባ «ይለፍ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳሙና ሊገዙ የመጡት ሴትዮ ደንግጠው ወጡ። ሽፋኑ ላይ ያ ባለ አፍሮው ፎቶህ አለ። ከስምህ ሥር ደግሞ በትንሹ «ተቀባይ፦ ገበያነሽ አገኘሁ» ይላል። ፊርማህን የሚጠብቅ ውልም ልከዋል። ካልተስማማህ አትፈርም፤ «እኔ በእሱ ፈንታ አልፈርምም» ብያቸዋለሁ።

ና እያልኩህ አይደለም። ለምኜ የማመጣው ባል የለኝም። የክራርህን አውታር አስቀይሬዋለሁ፤ ግድግዳ ላይ ሲታይ ስለሚያምር ነው። ጋቢህንም አጥቤዋለሁ፤ አቧራ ስለያዘው ነው። ማታ ማታ ሁለት ሳህን ማውጣቴን አልተውኩም፤ የእጅ ልማድ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። አንዳንዱን ዘፈን ስሰማ ግን የእኔ ተራ ሲደርስ ካሴቱ ቀድሞኝ ይገባል፤ እኔ ሳልቀበል አዳምጣለሁ።

መድኃኔዓለም ጉሮሮህን ይጠብቅልህ። ጣቶችህን ከብርድ ይሰውርልህ። ቂም የሚባለውን ነገር ከሆድህ አውጥቶ ለዚያ ባለ ሽቶው ሰውዬ ይስጥልህ። ለአለምነህና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ፤ እነሱም ተጠርተዋል።

አሁን ጾም ስለሆነ የሲዲውን ድግስ አቆይተነዋል። ድንኳኑ ከጠይብ ሱቅ ፊት ለፊት ይተከላል፤ ሁለት በግ ይታረዳል፣ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በጠይብ ወገን። ምሥራቅ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ዳባት ያሉት ዘመዶችህ በሙሉ ይመጣሉ፣ ጠይብም ማስተሩን ድንኳኑ ድረስ እንኳ እንደማያወጣ ከወዲሁ አስታውቋል። ቀኑ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው፤ ሚያዝያ 11፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሁሉም ይመጣል፤ መቅረት የሚባል ነገር የለም።

ገበያነሽ