ዝቅ ያለው የሚልካ መስኮት

ዮፍታሄ፣ ፖስትካርዱ ላይ ያለችው ቀጭኔ ለልጅህ ናት፤ ከጀርባዋ ያለው ጽሑፍ ግን ያንተ ነው።

ትናንት የአክስቴ ልጅ ሚልካ የማስተርስ ሥራዋን ስታቀርብ ሄጄ አየሁ። እንደኛው የውስጥ ዲዛይን ነው የምትማረው። ጓደኞቿ የሆቴል ሎቢ ሲያቀርቡ፣ እሷ እዚህ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር የተከራዩትን የራሳቸውን ሳሎን በእውነተኛው ልኩ በካርቶን ሠርታ አቆመችው። አባቷ ጋሽ ፀጋዬ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በሳሎናቸው መስኮት ሰማይ እንጂ መንገድ አይታያቸውም።

አንዷ ፈታኝ፣ "መስኮቱ በጣም ዝቅ አላለም?" ስትል ፈራሁላት። ሚልካ ግን ወንበር ስባ፣ "እስቲ እዚህ ይቀመጡ" አለቻት። ሴትየዋ ተቀመጠችና በካርቶኑ መስኮት አሻግራ ስታይ፣ ከወዲያ በኩል ወንበራቸው ላይ ካሉት ከጋሽ ፀጋዬ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመች። ከዚያ ሌሎቹን ፈታኞች ጠርታ በየተራ አስቀመጠቻቸው። እኛ ጋ ደንበኛው ገና ሲገባ የሚጠይቀን ስለ ጂፕሰም ጣሪያ ነው፤ ዲዛይን ቤት ውስጥ ከሚውለው ሰው ዓይን ሲጀመር ያየሁት እዚህ ነው።

ማለፏ ሲነገር ጋሽ ፀጋዬ፣ "ታዲያ መቼ ነው የሚሠራው?" አሏት።

"ዳዲ፣ መጀመሪያ ግራጁዌት ላድርግ እንጂ!"

አልለቀቋትም። አከራይዋን ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ደውለው አስፈቀዱ፤ ቅዳሜ ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ ይፈርሳል።

ቦታ አለቀብኝ። ልጅህን አስካለን ሳምልኝ፣ አለቃችንን ደግሞ ሳምንት ጨምርልኝ በልልኝ። ጋሽ ፀጋዬ መንገዱን ሲያዩ ሳላይ አልመጣም።

ባልደረባህ ምርቃት