ጸበልተኛ ብዬ የጻፍኩት

ይድረስ ለእናቴ፣ ወገዳ፤

እንደምን ከረምሽ እማ? ክረምት ሲገባ የሚነዘንዝሽ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ቦራዪቱ ላም ወለደች ወይ? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ እስከ ዛሬ የዋሸሁሽ ይበቃኛል።

ወንድሜ እንየው ከባሌ ጋር ተጣልቶ ከቤቴ ከወጣ ዓመት አልፎታል። በስልክ ስትጠይቂኝ «ጓዳ ተኝቷል» እልሽ ነበር። የሚያድረው ጸበሉ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ነበር።

ዘንድሮ እዚህ ንፋስ መውጫ ደግ ሥራ ጀምረን ነበር። ደጅ የሚያድረውን ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው፣ መስጊዱ ለብቻው፣ እድሩም ለብቻው ነበር የሚመዘግበው። ጨርቅ ነጋዴዋ ሰዒዳ አንድ ቀን መጥታ፣ «ኧረ ጉድ ነው! አንዱ ሰውዬ ከሦስታችሁም ብርድ ልብስ ወስዶ ሁለቱን ለኔው ሊሸጥልኝ መጣ! መናኸሪያ ያሉት አሮጊት ደግሞ አንድም የላቸው» ብላ አሳቀችን፤ አሳፈረችንም። ከዚያ ወዲያ ደብተሩ አንድ ሆነ፤ ስም፣ የሚያድርበት፣ ሕመሙ፣ ዘመዱ። ሐሙስ ሐሙስ እድሩ አዳራሽ እየተሰበሰብን ጮክ ብሎ ይነበባል፤ ለማን ምን እንደተደረገ እንጠያየቃለን። አሥራ አራት ሰው ጣራ ሥር ገባ እማ! አሮጊቷም ገቡ።

የጸበሉን ግቢ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። በግንቦት፣ አንድ ቀን ማለዳ እንየው እያሳለው ቀና አለና፣ «እታለም፣ እኔንስ አትጽፊኝም? ስሜን እንደሆነ መጠየቅ አያሻሽ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን «ዘመዱ» የሚለው ታየኝ። ሐሙስ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ «እኅቱ እገሊት» ተብሎ ሊነበብ ነው። እና ምን ብዬ ጻፍኩ? «አንድ ጸበልተኛ።» ጸበልተኛ ሱባዔውን ሲጨርስ አገሩ ይገባል ተብሎ ከቆጠራው አይገባማ።

ዝናቡ ሳይገባ ሦስት ክፍል ተገኘ፤ ለታመሙት ይቅደም ተባለ። ሰዒዳ፣ «ከጸበሉ ግቢ ሳሉ እስከ መንገድ የሚሰማው ሰውዬስ?» አለች።

«ሱባዔ ላይ ነው፤ ይሄዳል» አልኳት።

ክፍሎቹ ለሌሎች ተሰጡ። ይገባቸዋል፤ አልቀናም። ሐምሌ ግን ገባ። የጋይንትን ብርድ ላንቺ አልነግርሽም።

ባለፈው ሐሙስ ሰዒዳ ደብተሩ ሳይከፈት ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «ያ ከጸበሉ ግቢ የሚሰማው ሳል ዛሬ አልተሰማም» ብላ እጄን ያዘችኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰው ፊት ቆሜ መዝገቡን በእጄ አቃናሁት፤ «እንየው። እኅቱ እኔ ነኝ» ብዬ። «የሚያድርበት» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩ እምቢ አለኝ፤ ባዶውን ተውኩት።

ይህን የሚያነቡልሽ አባ ወልደ ሰንበት ናቸው። አባ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ቃል እንዳይዘሉላት። እማ፣ በማለዳ መምጣታቸው፣ ጎረቤቱም ተከትሏቸው መግባቱ ለምን እንደሆነ አንቺ አይጠፋሽም። አብሬያቸው መምጣት የኔ ፈንታ ነበር፤ ዓይንሽን ማየት ፈራሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እደርሳለሁ። ብታስገቢኝ እገባለሁ፤ ባታስገቢኝ ከደጅሽ እቀመጣለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ታጽናሽ፤ ጉልበትሽን ትደግፍልሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ