በረኪና የጠጣ ጋን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1996፤ ጠዋት

ጋኑ በረኪና ይሸታል።

ትናንት ወ/ሮ ዘውዴ ደውለው፣ የተዝካሩ ጠላ መጠንሰሻ ጊዜ ደርሷልና ጋኑ ይታጠብ አሉ። የባለቤቴ የበላይነሽ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ሁርሊንግሃም ሰፈር ሬስቶራንት አላቸው። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ሜሮን። እኔ ዌስትላንድስ፣ ቢሮ ነበርኩ። ሜሮን እዚህ ናይሮቢ ያደገች ናት፤ ማጠብ ከተባለች በረኪና ነው የምታውቀው። ገዝታ፣ በጥብጣ፣ ጋኑን እስከ አፉ ሞልታ አሳደረችው። ከእናቷ ቀብር ወዲህ በራሷ ተነሳስታ የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ሸክላ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። አልተቆጣሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11፤ ማታ

ወ/ሮ ዘውዴ መጡ። ጭንቅላታቸውን ጋኑ አፍ ውስጥ ከተው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ከበረኪናው ይሁን ከሌላ አልለየሁም።

ሜሮን ትከራከራለች። “ዳዲ፣ ውስጡ ብላክ ነበር እኮ! ቻፉ ካቢሳ!”

“ቆሻሻ አይደለም፣ የኔ ልጅ፣” አሏት። “የወይራ ጢስ ነው። እናትሽ በጠመቀች ቁጥር ስታጥነው የጠቆረ።”

ሜሮን መኝታ ቤት ገባች። እራት አልበላችም።

ይህ ጋን ከሞያሌ በጭነት መኪና፣ በገለባ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። በላይነሽ ከኔ ይልቅ ለሱ ትሳሳለች እያልኩ እቀልድባት ነበር። ጥቁሩ አሁን የለም። ውስጡ ቀይ፣ እንደ አዲስ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ወ/ሮ ዘውዴ ከጓሯቸው ግራዋ ቆርጠው መጡ። ጋኑን በቅጠሉ እናሻለን፣ እናለቀልቃለን፣ ደግመን እናሻለን። ክንዴ እስከ ብብቴ ገብቷል። እጄ አረንጓዴ፤ ከንፈሬን ብነካ መራራ።

“አንተ ጋዜጠኛ፣ ጽሑፍ አደረግኸው እንዴ፣ በስሱ የምታርመው? ጠንከር አድርገህ እሸው!” አሉኝ ወ/ሮ ዘውዴ።

ሳቅሁ። ቤቱ ውስጥ የሰማሁት የራሴ ሳቅ አስደነገጠኝ። ሜሮን በር ላይ ቆማ ታያለች፤ ነይ ስላት ሄደች።

ፀሐይ የለም፣ አይደርቅም። ከሰል ምድጃው አጠገብ ደፋነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 15

ቤተ ክርስቲያን። ሰው ሁሉ ያጽናናል፣ ከዚያ ስለ ጠላው ይጠይቃል። አንዱ ሽማግሌ ሜሮንን አቅፈው፣ የበላይነሽን ጠላ ለመጨረሻ ጊዜ ልንጠጣ ነዋ አሏት። ደግ ቃል ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ወደ ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ተመለስን። ስንወርድ፣ “ዳዲ፣ ቢራ እንግዛ። አንድ ክሬት ብቻ። ፕሊዝ።”

እናያለን አልኳት። ምን ዓይነት መልስ ነው፣ ደብተሬ? የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው። ጠላው ቢበላሽ ያበላሸችው እሷ ልትባል ነው፤ በእናቷ ተዝካር፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17፤ ከቀትር በኋላ

ወይራ አጠንን። ጋኑን ጢሱ ላይ ደፍተን፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ዘግተን። ጎረቤት እሳት ተነሳ ወይ ብሎ በአጥር ጠየቀ።

ወ/ሮ ዘውዴ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜልም አምጥተዋል። በር ላይ አስቀመጡት። ጠላ በበርሜልም ይጠመቃል፤ ግማሹ ናይሮቢ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በበርሜል ከጠነሰስን ግን ጋኑ ከእንግዲህ አበቃለት። ሜሮንም እሱን ባየች ቁጥር ይህን ልታስታውስ ነው።

ዛሬ ንጹሕ ውሃ ሞልተንበታል፤ እስከ ዓርብ ይቆይበታል። ፈተናው ይኸው ነው፤ ሸክላው ውስጥ የቀረ ካለ ውሃው ይናገራል። እኔ ሽታውን አጥቼዋለሁ፤ ጠፍቶ ይሁን አፍንጫዬ ለምዶት አላውቅም። ወ/ሮ ዘውዴ ጉንፋን ይዟቸዋል። አልቀምስም አሉ። የምትቀምሰው ሜሮን ናት፣ የምትወስነውም እሷ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ጋኑ የማን ሆነና?

ነገርኳት። “ኦኬ” አለች።

ፈርቻለሁ። ውሃው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ይሸታል ትላለች ብዬ። ቢሸት ደግሞ፣ ለኔ ብላ፣ አይሸትም ትላለች ብዬ።

ተዝካሩ ኅዳር 5 ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል። ከዓርብ ካለፈ ጠላው አይደርስም።

ዓርብ ጥቅምት 20 ጠዋት፣ ት/ቤት ከመሄዷ በፊት ትቀምሳለች።