የመስቀሉ እጣቢ

ሰኞ

ዱቄቱ ተመልሷል። ዲያቆናቱ ለበዓል በሎሚና በጨው አሽተው ያብረቀረቁት የመዳብ መስቀል ዛሬ ከጨርቁ ሲወጣ አረንጓዴ ብናኝ አራገፈ። ቄሰ ገበዝ አዛናው፣ የእናቴ ወንድም፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሆነው አሳዩኝ። እኔ ከደጅ ቆሜ አየሁ። ምእመን አይነካውም።

"ኬሚስትሪ ታስተምሪ የለም? ምን በላው?"

ጨው። ክሎሪኑ መዳቡ ውስጥ ገብቶ ነጣ ያለ የመዳብ ክሎራይድ ይሆናል። እርጥበትና አየር ሲያገኘው አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ሌላ መዳብ ይበላል፤ እንደገና ክሎራይድ። የደባርቅ ጭጋግ ደግሞ አያልቅም። ክሎሪኑ ካልወጣ መስቀሉ ቀስ በቀስ ዱቄት ይሆናል።

ሎሚና ጨው ከአባቶች የወረስነው ነው እያሉ ተከራከሩኝ። በመጨረሻ እሺ አሉ፦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፣ የሚነክሩትም የሚያወጡትም እሳቸው ናቸው። ወራት ይፈጃል አልኳቸው። ይፍጅ።

ማክሰኞ

የባትሪ ውሃ፣ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ፣ ፍለጋ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ መኪና ገዛሽ እንዴ አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው ስለው፣ እንግዲያ የገዙት ቄሶቹ ናቸዋ ብሎ ሳቀ። አሲድ ያልገባበት መሆኑን ደጋግሜ ጠየቅኩ። መስቀሉ ገንዳ ገባ።

ረቡዕ

ከውሃው ጥቂት በብልቃጥ ወደ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሳደርግበት እንደ ወተት ነጣ። ክሎራይዱ እየወጣ ነው! ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስመለስ ውሃው ተቀይሯል። አሮጌውን እማሆይ ጥሩ፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩት መነኩሲት፣ በትንሽ ጀሪካን ወስደውታል። ለሆድ ሕመማቸው። መስቀል የታጠበበት ውሃ ጠበል ነው፤ ማን ይደፋዋል? ይህን እንዴት አላሰብኩም? መዳብ የሟሟበት ውሃ ሆድ አያድንም፣ ያስመልሳል፣ ይጎዳል።

ሮጬ ሄድኩ። አልጠጡትም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው አሉኝ። ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። በሩን ዘጉብኝ።

ሐሙስ

"የመስቀል ውሃ መርዝ ነው ትያለሽ?" አሉ አባ አዛናው።

ብናገር መስቀሉን ከገንዳው ሊያወጡት ነው። ዝም ብል እሑድ ይመጣል። ማሳየት ይሻላል አልኩ። የዛሬው እጣቢ ላይ አሞኒያ ጨመርኩ፤ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። መዳብ አለበት ማለት ነው፣ ልል አፌን ስከፍት አባ አማተቡ። አጠገባቸው የነበረው ዲያቆን እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ባሰበት እንጂ አልተሻለም።

ከመሄዴ በፊት ከእጣቢው በብርጭቆ ቀድቼ፣ በአሸዋ ወረቀት የፈተግኩትን ምስማር ጨምሬ እሳቸው ዘንድ ተውኩት።

ዓርብ

ምስማሩ ቀይ ለብሷል። አባ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"ይህ ከየት መጣ?"

"ከመስቀሉ ነው፣ አባ። ውሃው ውስጥ የነበረው መዳብ ነው። እጣቢውን የጠጣ እሱን ይጠጣል።"

ምስማሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። ገበዝ ናቸው፤ የመስቀሉ ፍርፋሪ እንኳ የሚጠየቀው ከእሳቸው ነው። ከዚያ በዝግታ፣ ንዋየ ቅድሳት የታጠበበት ውሃ እግር በማይረግጠው ቦታ እንደሚፈስስ፣ ሥርዓቱ ይኸው እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ የማላውቀውን።

ወደ እማሆይ ጎጆ አብረን ሄድን። የሉም። ዳባት እህታቸው ዘንድ ሄደዋል፣ ጀሪካኑን ይዘው።

ቅዳሜ

በጠዋት ሚኒባስ ወደ ዳባት።

እማሆይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀሪካኑ ከጎናቸው። ለዚች ልጅ አልሰጥም አሉ ገና ሳንቀመጥ።

"ለእኔ ስጡኝ፣ እማሆይ። የመስቀሉ ነው" አሉ አባ።

ሰጧቸው። አባ ጓሮ ወስደው አጥሩ ሥር፣ ሰው በማይደርስበት፣ አፈሰሱት። እህትየው ታዲያ ለሆዷ ምን ይሁናት ብላ አፋጠጠችኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ አልኩ። እማሆይ፣ አባም ከመጡ እሺ አሉ።

ጀሪካኑ ሙሉ አልነበረም። ስጠይቅ እማሆይ መኪና ላይ ፈሰሰብኝ አሉ። ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁ። ደህና ይመስላሉ። ምሳም በልተዋል።

ደባርቅ ስንደርስ አባ ቀድመውኝ ወርደው ወደ ዕቃ ቤቱ ገሰገሱ። የዛሬው ውሃ ገና አልተቀየረም።